75 ሳንቲም ያወጣው ዘንዶ

ሂሳብ ዘግቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ማታ ካሽ ተቆጠረ፣ 75 ሳንቲም ጎደለ እንበል። ለዚህ ብሎ ማን ያመሻል? ካሸሩ ከኪሱ ይሞላና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ ከኪሱ መሙላት እምቢ ስላለ አንድ ሰው ነው። የእሱ ግትርነት ዛሬ ኔትወርክ ለመጠበቅ ከምንጠቀምባቸው ዘዴዎች ቢያንስ ሁለቱን አስቀድሞ አሳይቶናል።

ቦታው ካሊፎርኒያ ነው፤ ሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ። ጊዜው ኦገስት 1986። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ክሊፎርድ ስቶል የሥነ ፈለክ ሰው ነበር። የምርምር ገንዘቡ ሲያልቅ ላቦራቶሪው አላሰናበተውም። ምድር ቤት ወዳለው የኮምፒውተር ክፍል አዛወረው። ከከዋክብት ወደ ምድር ቤት ማለት ነው።

ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ቀን አንድ ባልደረባው መጣና የኮምፒውተሩ ሂሳብ አልዘጋ ብሏል አለው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ውድ ነው። ተጠቃሚው በቆየበት ደቂቃ ልክ ይከፍላል። ሂሳቡን የሚይዙት ሁለት ፕሮግራሞች ነበሩ። አንዱ ኮምፒውተሩን ከሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ ከዩኒክስ፣ ጋር የመጣ፣ ሌላው እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ የተጻፈ። ሁለቱ ድምሮች መግጠም ነበረባቸው። ግን 75 ሳንቲም ተለያዩ።

ስቶል መጀመሪያ የማጠጋጋት ስህተት መሰለው። ፕሮግራሞቹን ፈተሸ፤ ደህና ናቸው። ወደ ተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ሲሄድ «ሀንተር» የሚባል አካውንት አገኘ። ይህ ሰው ኮምፒውተሩን ተጠቅሟል፤ ሂሳቡን የሚከፍልለት ክፍል ግን የለም። ማን እንደከፈተውም የሚያውቅ ጠፋ። ስቶል አካውንቱን ሰረዘው።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ብዙ ቦታ የሚያበቃውም እዚህ ላይ ነው። ግን ሜሪላንድ ካለ «ዶክማስተር» ከሚባል ኮምፒውተር መልእክት መጣ። ከእናንተ ላቦራቶሪ አንድ ሰው ቅዳሜና እሁድ ኮምፒውተራችንን ሰብሮ ሊገባ ሞክሯል ይላል። ዶክማስተር ደግሞ የተራ መሥሪያ ቤት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የኮምፒውተር ደኅንነት ማዕከል ኮምፒውተር ነው። በተባለው ሰዓት በላቦራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ የነበረው አካውንት ሲታይ፣ ባለቤቱ ከአገር ከወጣ ቆይቷል። ሰውየው እንግሊዝ ነው፤ አካውንቱ በርክሌይ ይሠራል።

ስቶልና አለቆቹ ሁለት ምርጫ ነበራቸው። በሩን መዝጋት፣ ወይም ክፍት ትቶ መመልከት። መዝጋቱ ቀላል ነው። ፓስወርድ ይቀየራል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ግን በየት እንደገባ ሳታውቅ የትኛውን ቀዳዳ ትደፍናለህ? ሌላ ያልታየ ቀዳዳስ ካለው? እንዲታይ ተወሰነ። አለቃው ሦስት ሳምንት ሰጠው። አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ።

ሰርጎ ገቡን ለማየት የመጀመሪያው ሐሳብ ኮምፒውተሩ ላይ የሚከታተል ፕሮግራም መጫን ነው። ችግሩ ሰውየው የማሽኑ የበላይ ተጠቃሚ፣ ሙሉ ሥልጣን ያለው፣ ሆኗል። ሁሉን ያያል። በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው ማን ማን እንዳለ መመልከት ነበር። የሲስተም አስተዳዳሪ ካየ ወዲያው ይወጣል። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠ ዘበኛ ለእሱ እንደ ተራ ሰው የሚታይ ዘበኛ ነው። ሲፈልግ ሊያጠፋውም ይችላል።

ስቶል ዘበኛውን ከማሽኑ አውጥቶ ሽቦው ላይ አቆመው። ከውጭ የሚደውል ሰው ወደ ላቦራቶሪው የሚገባው በሞደም፣ ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር በሚያገናኝ መሣሪያ፣ ነው። መስመሮቹ 50 ነበሩ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚያልፈውን ፊደል ሁሉ የሚያትም ፕሪንተር ቢታሰር ኮምፒውተሩ ምንም አያውቅም። ኮምፒውተሩ ካላወቀ ሰርጎ ገቡም አያውቅም። ግን 50 ፕሪንተር ከየት ይመጣል? ዓርብ ማታ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ስቶል በየቢሮው ዞረ። ፕሪንተሩንም፣ ተርሚናሉንም፣ ፒሲውንም ከየጠረጴዛው እየነቀለ ተሸክሞ ወረደ። ማንንም አላስፈቀደም። ሰኞ ጠዋት የሚመጣውን ጩኸት ሰኞ ያየዋል። እነሱን ገጣጥሞ ወለሉ ላይ ተኛ።

ሲነሳ አብዛኞቹ ፕሪንተሮች ምንም የሚያስደንቅ ነገር አልያዙም። አንዱ ግን 80 ጫማ ወረቀት አውጥቶ ጠበቀው፤ ወደ 24 ሜትር ነው። ሰውየው ሌሊት ገብቶ ለሰዓታት የሠራው ሁሉ፣ እያንዳንዱ የተጫነው ፊደል፣ እዚያ ላይ ነበር። የመጣውም ቲምኔት በሚባል ኔትወርክ መስመር ነው። ስለዚህ የሰፈር ልጅ ላይሆን ይችላል፤ ከየትም ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ እንዴት የበላይ ተጠቃሚ እንደሆነም ነገረው። ላቦራቶሪው ጂኤንዩ ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ጭኗል። ከእሱ ጋር ደብዳቤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚያዛውር ትንሽ ፕሮግራም አለ። እዚያ ሲጫን ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶታል። እናም ማንም ተራ ተጠቃሚ በእሱ በኩል የፈለገውን ፋይል የፈለገው ቦታ ማስቀመጥ ይችላል። ዩኒክስ ደግሞ በየ5 ደቂቃው በራሱ ጊዜ የሚያስነሳው አንድ የሲስተም ፕሮግራም አለው። ሰውየው እሱን የሚመስል የራሱን ፕሮግራም ጻፈ፣ በደብዳቤ አዛዋሪው በኩል እውነተኛው ቦታ ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሲስተሙ ራሱ በሙሉ ሥልጣን አስነሳለት። ሥራው ሲያልቅ እውነተኛውን ፕሮግራም ቦታው መለሰው። የገባበትን ሳር እንኳ አላጎነበሰም።

ከዚያው ወረቀት ሌላም ነገር ወጣ። ሰውየው እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች ለማየት በሚጽፈው ትእዛዝ ውስጥ «ኤፍ» የምትል ፊደል ይጨምራል። በበርክሌይ ዩኒክስ ያቺ ፊደል አታስፈልግም። የምታስፈልገው በሌላው ዓይነት፣ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ በሚያወጣው ዩኒክስ ነው። በርክሌይ ደግሞ የበርክሌይ ዩኒክስ አገር ነው፤ እዚያ ያደገ ሰው ያቺን ፊደል አይጽፍም። እንደ አነጋገር ዘዬ ነች። ጎጃሜውንና ወሎዬውን በአንዲት ቃል እንደምንለየው፣ ስቶልና ባልደረቦቹም በአንዲት ፊደል «ይሄ የእኛ ሰው አይደለም» አሉ።

ወለል ላይ ማደር ስለማይቻል ማስጠንቀቂያ ተሠራ። የተሰረቁት አካውንቶች ሲከፈቱ ሌላ ኮምፒውተር ያይና ስቶል ኪስ ውስጥ ያለውን ፔጀር ያስጮኻል። ይህም ከውጭ ነው፤ ተጠቂው ማሽን ላይ አልተጫነም። ስለ ጉዳዩ በኢሜይል ማውራትም ተከለከለ። ሰውየው ኢሜይል ያነባልና። በስልክ ወይም ፊት ለፊት ብቻ።

ወራት አለፉ። ፔጀሩ ሲጮኽ ስቶል ብስክሌቱን ይዞ ይሮጣል። ሰውየው ላቦራቶሪው ውስጥ ብዙም የሚፈልገው አልነበረም። መሸጋገሪያ ነው ያደረገው። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጦር ሰፈሮች፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ወደ ጦር መሣሪያ ተቋራጮች ይደውላል። የሚፈልጋቸውን ቃላት ይጽፋል፦ «ኑክሌር»፣ «ስቴልዝ»፣ «ኖራድ»፣ «ኤስዲአይ»። ስቴልዝ ከራዳር የመሰወር ዘዴ ነው፤ ኖራድ የሰሜን አሜሪካ የአየር መከላከያ ዕዝ፤ የመጨረሻው የፕሬዚዳንት ሬገን የጠፈር መከላከያ ዕቅድ አጭር ስም ነው። በመጨረሻ ሲቆጠር ወደ 450 ኮምፒውተሮችን ሞክሮ ከ30 በላይ የሚሆኑት ውስጥ ገብቷል።

በምን ብልሃት? አብዛኛው ጊዜ በምንም ብልሃት አይደለም። «ጌስት» ብሎ ይጽፋል። ወይም ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን ስምና ፓስወርድ ይሞክራል። ባለቤቶቹ አልቀየሩትማ። የጦር ሰፈርም ቢሆን አልቀየረውም። (ዛሬም ራውተር ገዝተው ፓስወርዱን «አድሚን» እንዳለ የተዉትን ስንት ቤት ገብቼ አይቻለሁ።) አልፎ አልፎ ግን ብልጥ ይሆናል። የተመሰጠረውን የፓስወርድ ፋይል ይገለብጣል፣ ይሄዳል፣ ከሳምንታት በኋላ ፓስወርዱን አውቆ ይመጣል። ምስጢሩን አልሰበረውም። የመዝገበ ቃላት ቃላትን አንድ በአንድ እየመሰጠረ ከፋይሉ ጋር ያስተያያል። የገጠመው ቃል ፓስወርዱ ነው። ስቶል ይህን ያወቀው ብሔራዊ የኮምፒውተር ደኅንነት ማዕከሉ ውስጥ ከሚሠራው ከሮበርት ሞሪስ ጋር ተማክሮ ነው። የታሪክ ነገር ሆኖ፣ ኖቬምበር 1988 ኢንተርኔትን ያሽመደመደውን የመጀመሪያውን ታላቅ ዎርም (ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም) የጻፈው የዚሁ ሰው ልጅ ነው።

ሰውየው አደገኛ ፋይል መገልበጥ ሲጀምርስ? ቢቆረጥበት ይነቃል። ስቶል የቁልፍ ዘለላውን ከኪሱ አውጥቶ የመስመሩ ሽቦዎች ላይ ያንቀጫቅለዋል። በሌላው ጫፍ ያለው ሰው የሚያየው የተበላሸ ፊደል ነው፤ ስልኩ የተንኮሻኮሸ ይመስለዋል። ይረግማል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ይተዋል። ከዚህ የቀለለ ፋየርዎል፣ የኔትወርክ መከላከያ አጥር፣ አይቼ አላውቅም።

አሁን ሰውየው ማን ነው ወደሚለው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቢሮክራሲ የትም ያው ነው። ኤፍቢአይ የጠፋው ስንት ነው አለ። 75 ሳንቲም። ስልኩ ተዘጋ ማለት ይቻላል። ሲአይኤም፣ የአየር ኃይሉም፣ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲው ኤንኤስኤም ሰሙት፣ አመሰገኑት፣ የሚሰጡት ነገር ግን አልነበራቸውም። የስልክ መስመሩ ከኦክላንድ ወደ ቨርጂኒያ ወሰደ። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቨርጂኒያ አይሠራም ተባለ። ስቶል ቴክኒሻኖቹ ሲነጋገሩ የሰማቸውን ቁጥሮች እያፈራረቀ ደወለ። ማይተር የሚባል የመከላከያ ተቋራጭ ወጣ። ሰርጎ ገቡ በማይተር ኮምፒውተር ገብቶ በእነሱ ሞደም ወደ ሌላ ቦታ ይደውላል። የስልክ ቢላቸው ሲገለጥ ወደየጦር ሰፈሩ የተደወሉ አጫጭር ጥሪዎች ተደርድረዋል። ቢሉ በየወሩ ይመጣል፣ ይከፈላል። እዚያ ግን ሂሳቡ ለምን አልገጠመም ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ማይተር በሩን ሲዘጋ ሰውየው በሌላ መንገድ መጣ። የቲምኔት ሰዎች መስመሩን ተከትለው ሳተላይት ላይ ደረሱ። ሳተላይቱ ማዶ ምዕራብ ጀርመን ነው። ያኔ የሰዓቱም ነገር ገባቸው። ሰውየው የሚመጣው ብዙ ጊዜ በካሊፎርኒያ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ጀርመን ያኔ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ስልክ የሚረክስበት ሰዓት።

ያኔ ስልኩንም የሚያስተዳድረው የጀርመን ፖስታ ቤት መስመሩን እስከ ሃኖቨር ከተማ አደረሰው። ከዚያ ቆመ። የሃኖቨር የስልክ ማዕከል አሮጌ ነው፤ በሜካኒካል ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ። ደዋዩን ለማግኘት ቴክኒሻን ማታ ተጠርቶ፣ ገመዱን በዓይኑ እየተከተለ መፈለግ አለበት። ይህ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ሰርጎ ገቡ ደግሞ ደቂቃዎች ቆይቶ ይወጣል።

ስለዚህ እንዲቆይ ማድረግ ያስፈልጋል። እንግዳ እንዲቆይ ከተፈለገ ምግብ ይቀርብለታል።

ሐሳቡ የመጣው ስቶልና ጓደኛው ማርታ ገላቸውን ሲታጠቡ ነው። ስለዚህ ስሙን «ኦፕሬሽን ሻወርሄድ» አሉት። ጃንዋሪ 1987 ላይ ላቦራቶሪው ኮምፒውተር ውስጥ አንድ የሌለ መሥሪያ ቤት ተፈጠረ። «ኤስዲአይኔት» ይባላል። ባርባራ ሸርዊን የምትባል የሌለች ጸሐፊ አለችው። ፋይሎቹ ብዙ ናቸው፤ ስቶል የላቦራቶሪውን ተራ የቢሮ ደብዳቤዎች ወስዶ ስሞቹን በጄኔራልና በኮሎኔል ቀየራቸው። የቢሮክራሲ ጽሑፍ ማንም አይጠረጥረውም። አሰልቺነቱ ራሱ እውነት ያስመስለዋል።

ዋናው ብልሃት ግን ጽሑፉ አይደለም፣ መቆለፊያው ነው። እነዚህን ፋይሎች ከባለቤቱና ከበላይ ተጠቃሚው በቀር ማንም እንዳያነባቸው ተደርገዋል። ባለቤቱ የለም። የላቦራቶሪው ሠራተኛ አይነካቸውም፤ መኖራቸውንም አያውቅም። እንግዲህ ፋይሉ ከተነካ የነካው ሌባ ነው። ሌላ ማብራሪያ የለውም። ተራ ማስጠንቀቂያ የሚያሰቃየን በከንቱ እየጮኸ ነው። አንድ ሠራተኛ ፓስወርድ ሲረሳም ይጮኻል፣ ሌባ ሲመጣም ይጮኻል፤ ቆይቶ ማንም አይሰማውም። ማንም ሊነካው የማይገባ ነገር ላይ የታሰረ ቃጭል ግን ያለ ምክንያት አይጮኽም። ዛሬ ሃኒፖት የሚባለው፣ የማር ማሰሮ፣ ይሄው ነው።

ሰርጎ ገቡ ማሩን አገኘ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ አነበበ፣ ገለበጠ። የሃኖቨሩ ቴክኒሻን ገመዱን ይዞ ጫፉ ላይ ደረሰ።

ማሰሮው ውስጥ ሌላም ወጥመድ ነበር። ተጨማሪ ሰነድ የሚፈልግ ለጸሐፊዋ በፖስታ ይጻፍ የሚል ደብዳቤ። ከሦስት ወር በኋላ እውነተኛ ፖስታ መጣ። የተላከው ከፔንሲልቫኒያ፣ ከፒትስበርግ ነው። የማያውቁት ሰው የሰነዶቹን ስም እየጠቀሰ ይላኩልኝ ይላል። ያንን ደብዳቤ ያነበበው ሰርጎ ገቡ ብቻ ነው። ታዲያ ሃኖቨር የተነበበው እንዴት ፒትስበርግ ደረሰ? ከሰርጎ ገቡ ጀርባ ሌላ ሰው እንዳለ ያኔ ግልጽ ሆነ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይሉ የለ።

ሰውየው ማርከስ ሄስ ይባላል። ፖሊስ ጁን 1987 ቤቱን ፈትሾ ነበር፤ ግን ተለቀቀ። ማርች 1989 ላይ ከተባባሪዎቹ ጋር ተያዘ። ቡድኑ ከአሜሪካ ኮምፒውተሮች የሰበሰበውን ለሶቪየት የስለላ ድርጅት፣ ለኬጂቢ፣ ይሸጥ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ወጣት በዚያው ዓመት ጫካ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በ1990 ሄስና ሁለት ጓደኞቹ ተፈረደባቸው፤ እስሩ በገደብ ስለነበር ወደ ቤታቸው ሄዱ። ለዚያ ሁሉ ድካም ቀላል ቅጣት ነው ብዬ አስባለሁ። ግን የኮምፒውተር ሕግ ያኔ ገና ልጅ ነበር።

ስቶል ያደረገው ሁሉ ከባዶ አልመጣም። በ1980 ጄምስ አንደርሰን የሚባል ባለሙያ የኮምፒውተር መዝገቦችን አይቶ አላግባብ ተጠቃሚን መለየት እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ዶሮቲ ዴኒንግ ደግሞ ያንን ሐሳብ ወደ ሙሉ ሞዴል አሳደገችው። ጽሑፏ የታተመው ፌብሩዋሪ 1987 ነው፤ ልክ የሃኖቨሩ ሰው ማሩን እየላሰ ባለበት ሰሞን። የሰው አጠቃቀም ልማድ አለው፣ ከልማዱ የወጣው ይታይ ነው የምትለው። ስቶል «ኤፍ» ፊደልን አይቶ ያደረገው ይሄንኑ ነው፣ ያለ ቀመር።

ማሰሮውም ዘር አፈራ። ቢል ቼስዊክ በ1991 ቤል ላብስ ውስጥ አንድ ሰርጎ ገብ የውሸት ማሽን ውስጥ አስገብቶ ለወራት ሲያጫውተው ከረመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ማንም አውርዶ የሚጭናቸው የማታለያ ፕሮግራሞች መጡ። ዛሬ ባንኮች የውሸት ዳታቤዝ፣ የውሸት ፓስወርድ፣ የውሸት ፋይል ያስቀምጣሉ። ባርባራ ሸርዊን ብዙ ልጆች አሏት።

ሽቦው ላይ የቆመው ዘበኛ ግን ሩቅ አልሄደም። በ1995 እዚያው ሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ቨርን ፓክሰን «ብሮ» የሚባል ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ስሙ «ዚክ» ነው። የሚጠበቀው ኮምፒውተር ላይ አይጫንም። መስመሩ ላይ ከሚያልፈው ቅጂ ይወሰድለታል፣ ከጎን ሆኖ ያነባል። የሚጠበቀው ማሽን መኖሩን አያውቅም። 50 ፕሪንተር አያስፈልገውም እንጂ አቋሙ ያው የዚያች ዓርብ ማታ አቋም ነው።

ዚክን ጭናችሁ የምታገኙት ዋነኛ ፋይል «ኮን ሎግ» ይባላል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ግንኙነት ነው። መቼ ተጀመረ፣ ከማን፣ ወደ ማን፣ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ስንት ባይት ሄደ፣ ስንት መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍተው ያየሁት የስልክ ቢል መሰለኝ።